ከእናት ቤት ዕቃ ምኑ ይቀመጥ፣ ምኑ ይውጣ?

ጥያቄ፦ «እናታችን ወደ አኺራ ከሄዱ አራት ወር ሆነ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሦስት ክፍልና ማድ ቤት ነው፤ የአርባና የሃምሳ ዓመት ዕቃ ሞልቶታል። እኔ ከልጆቼ ጋር ኮምቦልቻ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ‹ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ ሁሉ ለቆራሌው ይሰጥ› ይላል። አክስታችን ደግሞ ‹የእህቴ ዕቃ ከዚህ ቤት አይወጣም› ብለው ያለቅሳሉ። ጅዳ ያለችው እህቴ የአያታችንን የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ላኩልኝ ትላለች። ተከራይ በሰኔ አጋማሽ ይገባል። ምኑን ልያዝ፣ ምኑን ላውጣ?»

ምላሽ፦ ወንድምዎ የያዙት የአንድ ዓመት መለኪያ ለዚህ ቤት አይሆንም። የወሎ ቤት ዕቃ ግማሹ የሚወጣው በድግስ፣ በሐዘን፣ በመውሊድና በክረምት ነው። ሠላሳ ሰው የሚያበላ ድስት ሦስት ዓመት ተደፍቶ ከርሞ በአንድ ቀን ሥራው ዋጋውን ይመልሳል። አረንጓዴው የመሬት ደብተር አሥር ዓመት ሳይገለጥ ቆይቶ በአንድ ቀጠሮ ክርክር ይዘጋል። በየቀኑ የሚነካው፣ ልጡ የረገፈ የብረት ሳህን ግን ዛሬውኑ መውጣት ያለበት ዕቃ ነው። «መቼ ነካነው?» የሚለው ጥያቄ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው አይለይም። የአክስትዎም ሐሳብ ዕቃውን አያድነውም። ተከራይ በገባበት ቤት አንድ ጓዳ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀር ጋቢና ባና (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ)፣ የሚያናፍሰው ሰው ከሌለ፣ በደሴ ክረምት ሻግቶና ተበልቶ ነው የሚገኘው።

በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ይጠይቁ። ጤነኛ ነው ወይ? ማለትም ያልተሰነጠቀ፣ ያልሻገተ፣ ተባይ ያልገባበት፣ ሲሠራ የማይጎዳ። ቀጥሎ፣ በሚመጡት ሁለት ዓመታት ውስጥ ስሙ የሚጠራ ሥራ አለው ወይ? «አንድ ቀን ይጠቅማል» ሥራ አይደለም፤ «የረመዳን ሾርባ የሚሠራበት»፣ «እንግዳ የሚተኛበት» ግን ሥራ ነው። በመጨረሻም፣ ደረቅ ቦታ አለው ወይ? ሰው የሚረሳው ይህን ሦስተኛውን ነው። ደረቅ ቦታ ያላገኙለትን ጨርቅ፣ እንጨትና ወረቀት ዛሬ ቢያስቀምጡትም ከሁለት ክረምት በኋላ ይጥሉታል፤ እስከዚያው ድረስ ደግሞ ሻጋታውንና ብሉን ወደ ጤነኛው ያጋባል። ሰነድ፣ የእጅ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ብቻ ከሁለተኛው ጥያቄ ነፃ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዕቃው የማን እንደሆነ ይጣራ። በሐዘኑ ሰሞን ጎረቤትና እድር ያመጣው ድስት፣ ትሪ፣ ጭልፋ፣ ፍራሽና አግዳሚ ወንበር ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። ከሥሩ ገልብጣችሁ እዩት። የቀለም ነጥብ፣ በሚስማር የተጫረ ፊደል ወይም በእጀታው ላይ የታሰረ ክር ካለው የሰው ነው። የእድሩ ጸሐፊ ከመዝገባቸው ጋር ያመሳክሩላችኋል። የሰውን ዕቃ አስቀድሞ መመለስ ቤቱን ያቀላል፣ ከጎረቤት ቅያሜም ያድናል።

የቀረው የወራሾች ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። ክፍፍል እስኪደረግ ድረስ እርስዎም ሆኑ ወንድምዎ ብቻችሁን ልትሸጡት ወይም ልትሰጡት አይገባም። በሸሪዓው እዳ ከኑዛዜ፣ ኑዛዜም ከክፍፍል ይቀድማል፤ ኑዛዜው ከሀብቱ ሲሶ አይበልጥም። ልብሳቸውን ለሰደቃ ማውጣት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከወራሾቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ከእሱ ድርሻ ላይ ማንም ሊመጸውት አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ከመጀመራችሁ በፊት ሸሪዓ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ። ከሌለ አንድ ደብተር ይበቃል፤ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ ያለበት ሁኔታ፣ ለማን እንደሚደርስ ይጻፍበት። ጅዳ ላሉት እህትዎ እያንዳንዱን ዋና ዕቃ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩ፤ መልሳቸውን አያጥፉት። በመጨረሻ ሁላችሁም ትፈርማላችሁ፣ ሁለት ምስክር ይጨመራል። የቤተሰብ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከውዱ ዕቃ አይደለም፤ ማን እንደወሰደው ካልታወቀ ረከቦት ነው።

የቤተሰቡን ዕቃ መለየት የሚጀመረው ከወረቀት ነው። ወረቀቱ ተለይቶ ሳያልቅ አንዲት ጆንያ እንኳ ከቤት አትውጣ፤ እናቶች ሰነድ የሚያኖሩት በፋይል ሳይሆን በቁርአን ልባስ ውስጥ፣ ከፍራሽ ሥር፣ በስኳር ቆርቆሮና በአሮጌ ቦርሳ ነው። ለዘለዓለም የሚቀመጡት እነዚህ ናቸው፦ የቤቱ ካርታና ፕላን፣ የግዢ ወይም የስጦታ ውል፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የገጠር መሬት ካለ አረንጓዴው ደብተር፣ የጋብቻ፣ የልደትና የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነት ውሳኔ፣ የጡረታ ደብተርና የሥራ ልምድ ደብዳቤ። የብድርና የመሰል ውል ወረቀት እዳው ከተዘጋ በኋላም አሥር ዓመት ይቆይ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት ከውል የሚነሳ ክስ በመደበኛው በይርጋ የሚታገደው በአሥር ዓመት ነው።

የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ቢጣል ግድ የለም የሚባለው ካርታ ላለው ቤት ብቻ ነው። ቤቱ ካርታ ከሌለው ወይም የድንበር ክርክር ካለ፣ አሮጌው የግብር፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ቤተሰቡ በየትኛው ዓመት ይዞታው ላይ እንደነበረ ያሳያል። ከየዓመቱ አንድ አንድ አስቀርተው ሌላውን ያውጡ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤት ሲወረስ የተሰጠ ደብዳቤ ወይም የቀበሌ የኪራይ ወረቀት ካገኙም፣ ቢጫ ሆኖ ቢቀደድም አይጣል።

ዋናውን ሰነድ ላሚኔት አያስደርጉ። አንዴ በላስቲክ ከታሸገ ማኅተም አይመታበትም፣ ሳይጎዳ አይላቀቅም፤ ሙቀቱም አንዳንዱን ቀለም ያደበዝዘዋል። ፎቶ ኮፒውን ላሚኔት ያስደርጉ፤ ዋናው በንጹሕ ካኪ ፖስታ፣ ያለ ብረት ማያያዣ ይቀመጥ። ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱም ወረቀቱን ይበላዋል።

ወረቀት ሲፈልጉ ገንዘብም ይገኛል። አሮጌው የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖት በመስከረም 2013 ዓ.ም. ተለውጧል፤ የመለወጫው ጊዜ በዚያው ዓመት ስላለፈ ባንክ ይዞ መሄድ አያዋጣም፣ እንደ መታሰቢያ ይቀመጥ። ማርትሬዛ (የድሮው የብር ገንዘብ) ካገኙ በላዩ ያለው 1780 የሚል ዓመት አያታልልዎት። ያ ዓመት ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ አለ፤ ብሩ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ያንኑ ዓመት ይዞ እየተመታ ኖሯል። የሚታየው ክብደቱ ነው፤ ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከዚህም 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። በአመድ ወይም በሎሚ አይወልውሉት፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተፋቀውን ነው። የአንገትና የእግር ብር ጌጥም እንዲሁ ነው። እነዚህ በደብተሩ ላይ ከነግራማቸው ይጻፉ።

ሦስተኛው ቀዳሚ ሥራ አደገኛውን መለየት ነው፤ እዚህ ላይ የማሳስበው የእህሉን ጓዳ ነው። ለነቀዝ የሚገባው ግራጫ ኪኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ፣ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ይገድላል። የተረፈ ብልቃጥ ካገኙ ክዳኑን አይክፈቱ፤ ውሃ ውስጥም ሆነ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት፤ ከሰው ጋር በመኪና አይጫን። በሩንና መስኮቱን ከፍተው፣ ልጅ ከማይደርስበት ደረቅ የውጭ ቦታ አኑረው፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይጥሩ። ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለውሃ አይሆንም፤ በሚስማር ወግተው ሌላ ሰው እንዳያነሳው አድርገው ያውጡት። የዘይት ጀሪካን ግን ጠረኑ ከለቀቀ ለውሃ ይሆናል።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለጎረቤት አይታደልም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ወስደው እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቁ። የመኪና ባትሪ ካለ አሲዱን አፍስሰው ባዶውን ለመሸጥ አይሞክሩ፤ እንዳለ ለገዢው ይሰጥ። ወፍራሙ አሮጌ ቴሌቪዥን አይሰበር፤ መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለ። የላምባ ምድጃና ፋኖስ ላምባው ተቀድቶ ሳይወጣ መኪና ላይ አይውጣ።

አሁን ወደ ጨርቁ። በእንዲህ ያለ ቤት ብዙ ዋጋ ያለው፣ ብዙም የሚበላሸው እሱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጠላቱ ይለያል። ደሴ ላይ ጨርቅ የሚበላው እርጥበት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ብልንና ምስጥን ያፋጥናል። ስለዚህ እናትዎ አርባ ዓመት ሳይበላሽ ያኖሩት ባና፣ እርስዎ እንዳለ አጥፈው ኮምቦልቻ ቢያወርዱት በአንድ ዓመት ሊበሳ ይችላል፤ እዚያ የተኛው እንቁላል እዚህ ይፈለፈላልና።

ብል የሚበላው የበግ ፀጉር ነው፤ ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ፣ የሱፍ ካፖርት። ጋቢ፣ ቡልኮና ነጠላ ጥጥ ስለሆኑ ብል አይፈልጋቸውም፣ ላብና ወጥ ከነካቸው በስተቀር፤ የእነሱ ጠላት ሻጋታ ነው። ሱፉን አውጥተው በነጭ አንሶላ ላይ ያራግፉ፤ ጠርዙንና ስፌቱን በደረቅ ቡርሽ ይቦርሹ። አሸዋ የመሰለ ጉድፍ፣ የነጭ ክር ቁራጭ የሚመስል ማቀፊያ ወይም የሚንቀሳቀስ ትል ካለ ተባዩ በሕይወት አለ። ፀሐይ ላይ አራትና አምስት ሰዓት በአንዱ ገጽ፣ ያንኑ ያህል በሌላው ይስጡት፤ ሁለት ሳምንት ቆይተው ያንኑ ይድገሙ። ሁለተኛው ዙር የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ያልተነካ እንቁላል እስከዚያ ስለሚፈለፈል ነው። ከሁለተኛው በኋላ አዲስ ጉድፍ ከታየ ያ ጨርቅ ወደ አዲሱ ቤት አይግባ።

ከፀሐይ የወጣ ጨርቅ በትኩሱ አይታጠፍም። ጥላ ላይ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ በትኩሱ የታጠፈው ማታ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት እዚያው ይጠልና ይሻግታል። የቆርቆሮ ሳጥን ጥሩ ማኖሪያ ነው፣ ነገር ግን በቀዝቃዛ ሌሊት ውስጡ ያልባል፤ በንጹሕ የጥጥ አንሶላ ይልበስ፣ ከወለል አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳም አንድ ጣት ይራቅ። ላስቲክ ከረጢት ለጉዞ እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም። ጋዜጣም አይጠቅልሉበት፤ ቀለሙ ነጭ ነጠላ ላይ ከተላለፈ አይለቅም። ወርቀ ዘቦ ያለው ጥልፍ ቀሚስ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ በየዓመቱም የሚታጠፍበት መስመር ይቀየር፤ በአንድ ቦታ ሲታጠፍ የኖረ ክር እዚያው ላይ ይሰበራል።

ናፍታሌን የሚጠቅመው በደንብ በተዘጋ ሳጥን ብቻ ነው፤ በተከፈተ ቁም ሳጥን ሰውን እንጂ ብልን አያስቸግርም። የጨቅላ ሕፃን ልብስና ብርድ ልብስ አጠገብ ፈጽሞ አይግባ። ሽታው ለአንዳንድ ሕፃናት ደም የሚያፈርስ መርዝ ነው፤ ልጅም ከረሜላ መስሎት ይውጠዋል። የእህል መድኃኒት ልብስ ላይ መነስነስ ደግሞ በምንም ምክንያት አይደረግ።

ስንት ይቀመጥ ለሚለው፦ ለኮምቦልቻ አየር ለእያንዳንዱ የቤት ሰው አንድ ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ፣ ለሁለት እንግዳ ያንኑ ያህል፣ ከባናዎቹ ደግሞ ሁለቱን ምርጥ። ሌላው ጤነኛ ሱፍ ደጋ ላለ ዘመድ ይሂድ፤ ደላንታ ወይም ወረኢሉ ላለ ቤት ባና የየሌሊት ዕቃ ነው። ያረጀ ጋቢ ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት። መሐሉ ሳስቶ ጫፉ ጤነኛ ከሆነ ጫፉ ለሕፃን መጠቅለያ ይቆረጥ፤ መሐሉ ለወለል ይሁን።

ፍራሽ ላይ ርኅራኄ አያስፈልግም። ስፖንጁን በክርን ተጭነው ሲለቁት ወዲያው ካልተመለሰ አልቋል። ጠርዙና ስፌቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው። ትኋን ሳይበላ ለወራት ስለሚቆይ «ጓዳ ውስጥ ጥቂት ይክረም» ማለት አያጠፋውም፤ ፀሐይም ውስጡ ድረስ አይደርስም። እንዲህ ያለ ፍራሽ ለማንም አይሰጥም፤ ሽፋኑን በቢላ ቀደው ያውጡት፣ አለዚያ መንገድ ላይ ያየው ምስኪን ወደ ቤቱ ያስገባዋል። የእንጨት አልጋው ግን ሊድን ይችላል። ፈታትተው መገጣጠሚያውንና የብሎን ቀዳዳውን ሁሉ በፈላ ውሃ ይጠቡ፣ ከሳምንት በኋላ ይድገሙ። አንሶላና ሽፋን በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ።

ማድ ቤት ውስጥ መለኪያው አፍ የሚገባውን ነገር ይነካል ወይ የሚለው ነው። ልጡ የተነሳ የብረት ሳህንና ኩባያ፣ ከንፈሩ የተሸረፈ ሲኒ፣ ሽፋኑ የተላጠ የማይጣበቅ መጥበሻ፣ የተሰነጠቀ የላስቲክ ቡሃቃ ይውጡ። ከቁርጥራጭ ቀልጦ የተሠራ ወፍራም የአሉሚኒየም ድስት ውስጡ ከተቦረቦረ አይቆይ፤ እንዲህ ያለው እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ቲማቲምና ሎሚ የነካው ወጥ ደግሞ ያወጣዋል። የነሐስና የመዳብ ዕቃ በውስጡ ቆርቆሮ ካልተቀባ ለጌጥ ብቻ ይሁን፤ ብርዝና ሌላ የሚኮመጥጥ ነገር መዳቡን ያሟሟዋል። የሻገተ በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መልሶ መጠቀም ልማድ ነው፣ ስሕተትም ነው። የሻጋታው መርዝ በፀሐይም በእሳትም አይጠፋም።

ትልልቁን የድግስ ድስት እድሩ ካለው እርስዎ አያስፈልግዎትም። እድሩ ከሌለው ወይም ኮምቦልቻ ገና እድር ካልገቡ፣ አንድ ብቻ ይያዙ፤ ትንንሹ ድስት በውስጡ ተደራርቦ ይቀመጣል። ወፍጮና መጁ ፎቅ ላይ ቦታ የለውም፤ ለአክስትዎ ወይም ገጠር ላለ ዘመድ ይሁን። ጭቃው ጎታ ሲነሳ ይፈርሳል፤ መድኃኒት የገባበት ከነበረ ስብርባሪው ለሌላ ሥራ አይዋል። ሞሰብና ሰፌድ በውሃ አይታጠቡም፤ በደረቅ ቡርሽ ተቦርሸው ለጠዋት ፀሐይ ለአጭር ጊዜ ይሰጣሉ፣ የቀትር ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋልና። ከሞሰቦቹ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ይበቃዎታል። የቡናውን ዕቃ ግን አይበትኑት። ረከቦት፣ ጀበና፣ ጤነኞቹ ሲኒዎችና የዕጣን ማጨሻው አንድ ላይ ለአንድ ሰው ይሁኑ፤ ለአራት ተከፋፍሎ ማንም ቡና የማያፈላበት ከሚሆን በአንድ ቤት ተሰብስቦ ቢሠራ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ብቻ ከተሰነጠቀ አይጣል፤ ሸክላውም የሚያሞቀው ጥምዝ ሽቦም ይቀየራሉ። የሚያስጥለው የገመዱና የሶኬቱ ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይሆናል፣ ይህም ተራ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ነው። ገመዱ ሲነኩት የሚግል፣ ሶኬቱም የጠቆረ ከሆነ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከመሰካትዎ በፊት የራሱ መስመር እንዲዘረጋለት ኤሌክትሪሻን ይጥሩ።

የቤት ዕቃ (ቁም ሳጥን፣ ብፌ፣ አልጋ) ላይ ከስሜት በፊት ሜትር ይቅደም። የደረጃውን መታጠፊያና የበሩን ስፋት ይለኩ፤ ብዙ ብፌ የሚቀረው ደረጃው ላይ ነው። የቺፑድ ዕቃ አንዴ ከተፈታ ብሎኑ ዳግመኛ አይጨብጥም፣ እዚያው ለተከራዩ ይተው ወይም ይሸጥ። የወይራ፣ የጽድና የዋንዛ ሥራ ተፈትቶ ይገጠማል፤ መጓዝ የሚገባው እሱ ነው። ነቀዝ እንዳለበት ለማወቅ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘርግተው አንድ ሳምንት ይተዉት። አዲስ ዱቄት ከወደቀ ተባዩ በሥራ ላይ ነው፤ ሳይታከም አይጫን። አሮጌ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ስለ ኪታቡ፣ ለእህትዎ መልሱ አይላክም ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ግን ይከለክላል። ሕጉ ለብራና ዳዊትም ለአጀሚ (በዓረብኛ ፊደል ለተጻፈ የአገር ቋንቋ) ኪታብም አንድ ነው። በሻንጣ የሄደ መጽሐፍ አየር ማረፊያ ላይ ቢያዝ ተጠያቂው ተሸካሚው ሰው ነው። ወሎ ከጀማ ንጉሥ እስከ ዳና ድረስ የመሻይኾች (የሼኮች) አገር ናት፤ በእንዲህ ያለ ቤት የሚገኝ መንዙማና ፊቅህ (የእስልምና ሕግ ጽሑፍ) ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ገጽ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ፎቶ አንስተው ለእህትዎ ይላኩ። ዋናውን ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ አሳይተው ያስመዝግቡ፤ ማስመዝገብ ባለቤትነትዎን አይወስድም። እስከዚያው በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት፣ የተቀደደውን በስኮች አያጣብቁ፣ ከምድጃና ከመስኮት ያርቁት፤ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጋደም ብሎ ይቀመጥ። አርጅቶ የማይነበብ የታተመ ቁርአን ከቆሻሻ ጋር አይወጣም፤ ለመስጊዱ ይሰጥ።

አክስትዎን ከሥራው አያርቋቸው፤ የፎቶግራፉን ሥራ ይስጧቸው። ያለ ስም የቀረ ፎቶ ልጆችዎ ዘንድ የማያውቁት ሰው ምስል ነው፤ ስሙን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። በቀን አንድ ሰዓት አብረዋቸው ይቀመጡ፤ ማን እንደሆነ፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ይንገሩዎት፣ እርስዎ በእርሳስ ከጀርባው ጫፍ ላይ በቀስታ ይጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። ከእህታቸው ዕቃም ሦስት ነገር አስቀድመው ይምረጡ። ምርጫቸው በደብተሩ ላይ ሲጻፍ የቀረው መውጣቱ ይቀላቸዋል።

ለማስወጣት፦ ለቆራሌው የሚሰጠው ብረት፣ አሉሚኒየም፣ መዳብና ነሐስ ለየብቻ ይመዘን። ተቀላቅሎ ከተመዘነ ሁሉም በብረት ዋጋ ይሄዳል፤ በቤታችሁ ሚዛን አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል። ኪስ፣ ሽፋንና ቆርቆሮ ሁሉ ዳግመኛ ይፈተሽ። ልዋጭ ለሚለው ሰው ጥልፍ ቀሚስና ሱፍ አይሰጥ፤ በምትኩ የሚያገኙት የላስቲክ ጎድጓዳ ከዋጋው ጋር አይገናኝም። ለሰደቃ የሚወጣው ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክቶ ይሁን። የማይለበስ ልብስ ለድሃ መስጠት መጣያውን ወደ እሱ ቤት ማዞር ነው።

ቁርጡን ልንገርዎት። ቤቱን ለተከራይ ስታስረክቡ አንድም ዕቃ ደሴ ተቆልፎ አይቅር፤ ግንቦትን ሙሉ ይጠቀሙበት። የመጀመሪያው ሳምንት ለወረቀት፣ ለሰው ዕቃና ለአደገኛው። በሁለተኛው ሳምንት ሱፉ ፀሐይ ይሞቃል፣ በአራተኛው ይደገማል፤ በመካከሉ ማድ ቤቱና የቤት ዕቃው ይለያል። ዝናብ ባለበት ቀን ጨርቅና ወረቀት አይጫን። ሕጉን በሚመለከት እኔ የጻፍኩት አጠቃላይ ነው፤ በውርሱ ላይ ክርክር ካለ ዕቃውን ባለበት አቁመው ጠበቃ ያማክሩ።

ልትወስኑበት ያልቻላችሁት ዕቃ ይኖራል። ለአንድ ወራሽ አንድ ሳጥን ይፈቀድ፣ ከዚያ አይበልጥ። ሳጥኖቹ ኮምቦልቻ ይውረዱ፣ በእንጨት ላይ ይቀመጡ፤ ዝናቡ ሲያቆም፣ በጥቅምት፣ ይከፈቱና ፀሐይ ይንካቸው። እስከ ጥቅምት 30 ባለቤቱ ያልወሰደው በደብተሩ ላይ ቀድሞ ስሙ ለተጻፈው ተተኪ ይደርሳል። ክዳኑ ላይ የባለቤቱን ስም፣ የተተኪውን ስምና ያንን ቀን በጉልህ ይጻፉበት።